ክሎድ በርናርና የውሻ እንቅልፍ

ሰው ሲታመም ሕመሙን ይናገራል፤ የት እንደሚያመው፣ መቼ እንደ ጀመረው፣ መድኃኒቱም እንደ ረዳው ወይም እንዳልረዳው በአፉ ያስረዳል። ውሻ ግን ይህን ማድረግ አይችልም። ሲያመው ይጮኻል፤ ይናከሳል፤ ይሸሻል። መጮኽንም መናከስንም መሸሽንም የሚከለክል መድኃኒት በተሰጠው ጊዜ ደግሞ ጸጥ ይላል። ታዲያ ጸጥ ያለ ውሻ ሁሉ ተኝቷልን? የተኛስ ውሻ ሁሉ ሕመም አይሰማውምን? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የእንስሳት ሐኪም መርፌውን ከማንሣቱ በፊት ዛሬም ራሱን የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ነገሩን ለያይተው በምርመራ ካሳዩት ሰዎች መካከል ከፊተኞቹ አንዱ ፈረንሳዊው ሊቅ ክሎድ በርናር ነው። የዚህ ሰው ሕይወት ክብርና ሐዘን የተቀላቀሉበት ስለ ሆነ፣ ሳይንስ ለሚማር ወጣት ብዙ ያስተምራል ብለን በዚህ እናቀርበዋለን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ክሎድ በርናር በ1813 ዓ.ም. ጁላይ 12 ቀን በፈረንሳይ አገር፣ ከሊዮን ከተማ በስተሰሜን በምትገኘው በሴን ዡልየን መንደር ተወለደ። አባቱ ወይን ተካይ ገበሬ ነበር። ሀብት በቤታቸው አልነበረም፤ ስለዚህ ልጁ በአካባቢው በሚገኙ የካህናት ትምህርት ቤቶች ጥቂት ከተማረ በኋላ፣ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላው እንጀራውን ይፈልግ ዘንድ ወደ ሊዮን ሄደ። በዚያም ሚዬ በሚባል መድኃኒት ቀማሚ ቤት ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። ሥራው ጠርሙስ ማጠብ፣ ቤት መጥረግና የታዘዘውን መድኃኒት ማድረስ ነበር።

ይህ ትንሽ ሥራ ግን ሁለት ነገር አሳየው። አንደኛው፣ መድኃኒት ከሚያደርስባቸው ቦታዎች አንዱ የሊዮን የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት መሆኑ ነው። ይህ ትምህርት ቤት በ1761 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን፣ በዓለም ላይ ከተከፈቱት የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤቶች ሁሉ የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው፣ በሱቁ ውስጥ ትርያቅ የሚባል ከጥንት ጀምሮ የታወቀ የብዙ ነገር ቅይጥ ይሸጥ ነበር። በውስጡ ከሚገቡት ነገሮች አንዱ ኦፕየም ነው። ጌታው የተበላሸውንና የተረፈውን መድኃኒት ሁሉ ከመጣል ይልቅ ለትርያቁ እንዲያስቀምጥ ያዝዘው ነበር። ስለዚህ ዛሬ የተቀመመው ትርያቅ ትናንት ከተቀመመው ጋር አንድ አልነበረም፤ ሆኖም ደንበኞቹ ለሕመም ሁሉ ይገዙት ነበር። ወጣቱ በርናር በውስጡ ምን እንዳለ፣ ስንት እንዳለ የማይታወቅ ነገር መድኃኒት ሊባል እንደማይገባው ያን ጊዜ ልብ አለ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ኦፕየምን በየክፍሉ ለያይቶ በውሾች ላይ በመረመረ ጊዜ፣ የዚያ ሱቅ ትዝታ ከልቡ ጠፍቶ ነበር ለማለት ያስቸግራል።

በዚያን ዘመን የልቡ ምኞት ግን ሕክምና አልነበረም፤ ቲያትር ነበር። አንድ አጭር ቀልደኛ ድርሰት ጽፎ በሊዮን ታየለትና በዚህ ተበረታትቶ ባለ አምስት ክፍል የታሪክ ድራማ ደረሰ። በ1834 ዓ.ም. ድርሰቱን በሻንጣው ይዞ ወደ ፓሪስ ሄደ፤ በሶርቦን የሥነ ጽሑፍ መምህር ለነበረው ለሳን ማርክ ዢራርዴንም አሳየው። መምህሩ ድርሰቱን አንብቦ ወጣቱ ተሰጥዎ እንደሌለው አልነገረው ይሆናል፤ ነገር ግን በመድኃኒት ቤት ሠርተሃልና ኑሮህን የምታገኝበትን ሕክምናን ተማር፤ ለድርሰት ትርፍ ጊዜ አታጣም የሚል ምክር ሰጠው። በርናር ምክሩን ተቀብሎ የሕክምና ተማሪ ሆነ። እንደ ተማሪ ግን ስሙ የሚጠራ አልነበረም፤ ዝምተኛና ሰነፍ የሚመስል ልጅ ነበር።

ሕይወቱ የተለወጠው ኦቴል ዲዩ በተባለው ሆስፒታል ከፍራንስዋ ማዣንዲ ጋር በተገናኘ ጊዜ ነው። ማዣንዲ የሕያው አካልን ሥራ የሚመረምረው ትምህርት፣ ማለት የፊዚዮሎጂ ሊቅ ሲሆን፣ ከመጽሐፍ ይልቅ ዓይኑ ያየውን ብቻ የሚያምን፣ ቁጡና ደረቅ ሰው ነበር። የበርናርን እጅ ጥበብ አይቶ በ1841 ዓ.ም. በኮሌዥ ደ ፍራንስ ረዳቱ አደረገው። ላቦራቶሪው እርጥበት ያለበት፣ ብርሃን የሌለው ክፍል ነበር። ሥራው በአብዛኛው በሕያው እንስሳ ላይ፣ በተለይም በውሻና በጥንቸል ላይ የሚደረግ ቀዶ ጥገና ነበር። ይህ ሁሉ የሆነው ማደንዘዣ ከመታወቁ በፊት መሆኑን አንባቢ ማስታወስ ይገባዋል። ኤተር በቦስተን ከተማ በሕዝብ ፊት የተሞከረው በ1846 ዓ.ም. ነው፤ ክሎሮፎርም በኤደንብራ በሥራ ላይ የዋለው በ1847 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ሰውም ውሻም ታስረው ነበር የሚቀደዱት። ማዣንዲ ኤተር በሰው ላይ እንዳይሞከር በሳይንስ አካዳሚ ፊት እስከ መቃወም ደርሷል። ደቀ መዝሙሩ ግን በዚህ ነገር የመምህሩን መንገድ አልተከተለም።

ስለዚያ ዘመን የሚነገር አንድ ታሪክ አለ፤ የተረከውም በርናር ራሱ ነው። በ1844 ዓ.ም. ገደማ ዲፈንባህ የሚባል የታወቀ የጀርመን ቀዶ ሐኪም ወደ ፓሪስ መጥቶ፣ በውሻ ሆድ ውስጥ ቱቦ እንዴት እንደሚገባ ለማየት ፈለገ። በርናርም ፔሉዝ በሚባለው ኬሚስት ላቦራቶሪ ውስጥ ለአንድ ውሻ በጨጓራው ላይ የብር ቱቦ አስገባለት። ከዚህ በኋላ ውሻው ከግቢው አምልጦ ጠፋ። ጥቂት ቀን ሳይቆይ በርናር ወደ ሰፈሩ ፖሊስ ሹም ቢሮ ተጠራ። ለካ ውሻው የፖሊሱ ሹም ኖሮ፣ ሆዱ ላይ የብር ቱቦ እንደ ተተከለ ወደ ቤቱ ተመልሷል። በርናር ደነገጠ፤ ነገር ግን አልካደም። ውሻውን የገዛው ውሾች ለላቦራቶሪ ከሚያቀርቡ ሰዎች መሆኑን አስረድቶ፣ የሹሙን ሚስትና ሴት ልጅ ይቅርታ ጠይቆ፣ ቱቦውን አውጥቶ ቁስሉን እንደሚያድን ቃል ገባ። ውሻው በእርግጥ ዳነ፤ ሹሙም የበርናር ወዳጅ ሆነና ከዚያ ወዲያ ጎረቤቶች ስለ ጩኸትና ስለ ሽታ በከሰሱት ጊዜ ከለላ ሆነለት። ታሪኩ ያስቃል፤ ሆኖም ከሳቁ በታች ያለውን መመልከት ያሻል። ያ ውሻ ባለቤት ባይኖረው ኖሮ ስለ እርሱ ይቅርታ የሚጠየቅ ሰው አልነበረም።

በርናር በ1843 ዓ.ም. በሐኪምነት ተመረቀ፤ ለመምህርነት የተወዳደረበትን ፈተና ግን ወደቀ። ገንዘብ አጥቶ ምርምሩን ትቶ ወደ መንደሩ ሊመለስ አስቦ ሳለ፣ ወዳጆቹ ባለ ጥሎሽ ሚስት እንዲያገባ መከሩት። በ1845 ዓ.ም. የአንድ ሐኪም ልጅ የሆነችውን ፋኒ ማርቲንን አገባ። ጥሎሿ ላቦራቶሪውን አቆመለት፤ ጋብቻው ግን ለሁለቱም ደስታ አልሆነም። እርስዋ የምትፈልገው በሽተኛ የሚያክም፣ ገቢ ያለው ሐኪም ነበር፤ እርሱ ደግሞ የደም ሽታ በልብሱ ይዞ ማታ የሚገባ ተመራማሪ ነበር። ሁለት ወንዶች ልጆች በሕፃንነታቸው ሞቱባቸው፤ ሁለት ሴቶች ልጆች አደጉላቸው።

ከዚህ ወዲያ ያሉት ዓመታት የድል ዓመታት ናቸው። ከቆሽት የሚወጣው ፈሳሽ ስብን እንደሚያፈጭ አሳየ። ጉበት ራሱ ስኳር እንደሚሠራ በ1848 ዓ.ም. አገኘ፤ ስኳሩ የሚከማችበትንም ግላይኮጅን የተባለ ነገር በ1857 ዓ.ም. ለይቶ አወጣ። የደም ሥሮችን የሚያጠብቡና የሚያሰፉ ነርቮች መኖራቸውን አስረዳ። የከሰል ጢስ መርዝ ከደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ በመንጠቅ እንደሚገድል አረጋገጠ። በ1854 ዓ.ም. በሶርቦን መምህር ሆነ፤ በዚያው ዓመት የሳይንስ አካዳሚ አባል ተደረገ፤ ማዣንዲ በ1855 ዓ.ም. ሲሞት ወንበሩን ወረሰ። በ1865 ዓ.ም. ያሳተመው ስለ ሙከራ ሕክምና የጻፈው መግቢያ እስከ ዛሬ ድረስ ይነበባል። ይህ ሁሉ የታወቀ ነው። እኛ ግን እዚህ ላይ ልናተኩርበት የምንፈልገው በመርዝና በማስተኛ መድኃኒት ላይ ያደረገውን ምርምር ነው።

በመጀመሪያ ኩራር የሚባለውን መርዝ እንመልከት። ኩራር የደቡብ አሜሪካ ሕንዶች ፍላጻቸውን የሚቀቡት መርዝ ነው። በመርዙ የተወጋ እንስሳ ሳይጮኽና ሳይንፈራገጥ ቀስ ብሎ ይተኛል፤ ከዚያም ይሞታል። ያየው ሰው ሁሉ ሞቱ እንደ እንቅልፍ ያለ የሰላም ሞት ነው ይል ነበር። በርናር ግን በዓይን የሚታየውን ብቻ አላመነም። የአንዲት እንቁራሪትን አንድ የኋላ እግር ደም እንዳይደርሰው አድርጎ አሰረ፤ ነርቩን ግን ሳይነካ ተወው። ከዚያ በሌላው አካልዋ ላይ መርዙን ሰጣት። እንቁራሪቷ ሽባ ሆነች። ነገር ግን መርዙ የደረሰበትን ቆዳዋን ቆንጠጥ ባደረገ ጊዜ፣ መርዝ ያልደረሰበት ያ አንድ እግር ተንፈራገጠ። እንግዲህ ቁንጥጫው ተሰምቷታል ማለት ነው፤ ስሜቱ በነርቭ አድርጎ ወደ ማዕከሉ ደርሷል፤ ትእዛዙም ተመልሷል። የጠፋው ስሜት ሳይሆን፣ ጡንቻን የማዘዝ ኃይል ብቻ ነው። ስለዚህ በኩራር የሚሞት እንስሳ ተኝቶ አይሞትም፤ ሁሉን እያወቀና እየተሰማው፣ ነገር ግን ጣቱን እንኳ ማንቀሳቀስ ሳይችል፣ መተንፈሻው ቆሞ ይሞታል። በርናር ይህን በ1864 ዓ.ም. ለሕዝብ በጻፈው ጽሑፍ የሰው ልብ ሊያስበው ከሚችለው ሥቃይ ሁሉ የከፋ መሆኑን አልሸሸገም።

እዚህ ላይ የሕይወቱ ከባድ ነገር ይገኛል። ይህን እውነት ያገኘው ሰው ራሱ፣ እንስሳው እንዳይንቀሳቀስ በሚያስፈልግበት ጊዜ በላቦራቶሪው ውስጥ ኩራርን እየሰጠ፣ በወናፍ እያስተነፈሰ የሚሠራበት ጊዜ ነበር። ዕውቀቱ ከሁሉ በፊት ነበረው፤ ሥራው ግን ሁልጊዜ ዕውቀቱን አልተከተለም።

በዚያው በ1864 ዓ.ም. ሌላ ምርምር አደረገ፤ ይህኛው በቀጥታ ስለ እንቅልፍ ነው። ኦፕየም አንድ ነገር ሳይሆን የብዙ ነገሮች ድብልቅ መሆኑ ከዘመኑ በፊት ታውቆ ነበር፤ ሞርፊን በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መባቻ፣ ኮዴይን በ1832 ዓ.ም. ተለይተው ወጥተዋል። በርናር እነዚህንና ሌሎችን አንድ በአንድ ከቆዳ በታች በመርፌ እየሰጠ በውሾች ላይ ተመለከታቸው። አብረው መኖር የለመዱ ሁለት ወጣት ውሾች ወስዶ፣ ለአንዱ ሞርፊን፣ ለሁለተኛው ኮዴይን በተመሳሳይ መጠን ሰጠ። ሁለቱም ተኙ፤ እንቅልፋቸው ግን አንድ አልነበረም። በሞርፊን የተኛው እንቅልፉ የከበደ ሆነ። ሲነቃም ደንግጦ፣ ዓይኑ ፈዝዞ፣ የኋላ እግሮቹ ደክመው እንደ ጅብ ወገቡን ዝቅ አድርጎ ይሄድ ነበር፤ የሚያውቀውን ሰው እንኳ ሳይለይ ወደ ጥግ ይሸሽ ነበር። በኮዴይን የተኛው እንቅልፉ ቀላል ሆነ፤ ድምፅ ሲሰማ ወይም ሲነካ ቶሎ ይባንን ነበር፤ ሲነቃም ወዲያው እንደ ቀድሞው ይጫወት ጀመር። ልዩነቱ ከውሾቹ ጠባይ የመጣ እንዳይሆን፣ በሌላ ቀን መድኃኒቱን አለዋወጠው፤ ፍጻሜውም አብሮ ተለዋወጠ። ቴባይን የሚባለው ሌላው የኦፕየም ክፍል ደግሞ በማስተኛት ፈንታ ሰውነትን የሚያንዘፈዝፍ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ኦፕየም ያስተኛል ብሎ መናገር ትርጉም የሌለው ቃል ሆነ፤ የትኛው ክፍል፣ ስንት፣ ለየትኛው እንስሳ ተብሎ መጠየቅ ግድ ሆነ። የሊዮኑ ትርያቅ እዚህ ላይ ፈረሰ።

ሦስተኛው ግኝቱ ለሐኪሞች ከሁሉ ይልቅ የጠቀመው ነው። ክሎሮፎርም ሲሰጥ ውሻ በመጀመሪያ ይታገላል፤ ይጮኻል፤ ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ አንዳንዱም በዚሁ ትግል መካከል ልቡ ቆሞ ይሞታል። በርናር ከክሎሮፎርም በመንቃት ላይ ለነበረ ውሻ ሞርፊን በመርፌ ሰጠው። ውሻው መንቃቱን ትቶ እንደ ገና ደነዘዘ። ቀጥሎም ነገሩን ገልብጦ አየው፤ ሞርፊኑን አስቀድሞ ሰጠና ክሎሮፎርሙን አስከተለ። ትግሉ ቀረ፤ ውሻው በዝግታ ተኛ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለማደንዘዝ የሚበቃው ክሎሮፎርም ከቀድሞው እጅግ ያነሰ ሆነ። ኑስባውም የሚባል የሙኒክ ቀዶ ሐኪም በዚሁ ጊዜ ገደማ በሰው ላይ ይህንኑ ነገር ለብቻው ተመልክቶ ነበር። በርናር ግን በውሻ ላይ ደጋግሞ ሥርዐት አበጀለት። ደቀ መዝሙሩ ዳስትር ደግሞ ከሞራ ጋር ሆኖ አትሮፒን የሚባለውን መድኃኒት በሞርፊኑ ላይ ጨመረበት፤ ይኸውም ልብ በነርቭ ትእዛዝ በድንገት እንዳይቆም ነው።

የዚህ ነገር ምሥጢር በጥሞና ሊታሰብ ይገባዋል። ሁለት መድኃኒት አንድ ላይ መስጠት በራሱ ደኅንነት አይደለም። ሞርፊንም ክሎሮፎርምም ትንፋሽን ይቀንሳሉ፤ ሁለቱን በሙሉ መጠን የሰጠ ሰው ውሻውን ገደለው ማለት ነው። ጥቅሙ የሚገኘው አንዱ ስለ ገባ የሌላው መጠን ሲቀነስ ብቻ ነው። ዛሬ ክሎሮፎርም በልብና በጉበት ላይ በሚያደርሰው ጉዳት ምክንያት ተትቷል፤ ደንቡ ግን አልተተወም። የእንስሳት ሐኪም ውሻን ቀዶ ከማከሙ በፊት በቅድሚያ የሚያረጋጋ መድኃኒት መስጠቱ፣ ከዚያም የማደንዘዣውን መጠን ዝቅ ማድረጉ፣ ከዚያው ከ1864ቱ ላቦራቶሪ የወረደ ልማድ ነው።

ኩራር ያስተማረውም ትምህርት እንደዚሁ በሥራ ላይ ነው። ዛሬ ከታወቁት ማረጋጊያዎች አንዱ አሴፕሮማዚን ነው። ይህ መድኃኒት ውሻን ያፈዝዛል፤ ያረጋጋል፤ ሕመምን ግን አያስታግሥም። ይህን የተሰጠ ውሻ ጸጥ ስላለ ቁስሉን ያለ ሌላ መድኃኒት የሚሰፋ ሰው፣ በርናር በእንቁራሪቷ ያሳየውን አላነበበም። የደም ግፊትንም ስለሚቀንስ ለደከመና ደም ለፈሰሰው ውሻ አደገኛ ነው። ሜዴቶሚዲን የሚባለው ሌላው መድኃኒት ያስተኛል፤ ሕመምንም ያስታግሣል፤ የልብን ምት ግን በጣም ያዘገያል። መልካምነቱ አቲፓሜዞል በሚባል ማፍረሻ ማንቃት መቻሉ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ መድኃኒት ሞቶ የተኛ የሚመስል ውሻ በድምፅ ወይም በመነካት በድንገት ባንኖ ሊናከስ ይችላል። ስለዚህ ክፍሉ ጸጥታ ይኑረው፤ መድኃኒቱ እስኪይዝ ውሻው አይነካካ፤ የሚባለው በከንቱ አይደለም።

ከዚህም በላይ ውሻና ውሻ አንድ አይደለም። አፍንጫቸው የተደፈጠጠ ዘሮች ጉሮሮአቸው ጠባብ ስለ ሆነ፣ ሲተኙ ትንፋሻቸው ሊታፈን ይችላል። ቦክሰር የሚባለው ዘር በአሴፕሮማዚን በቀላሉ ይወድቃል። ከኮሊ ዘር ብዙዎቹ በውርስ በያዙት የጂን ለውጥ ምክንያት አንዳንዱ መድኃኒት በአንጎላቸው ውስጥ ስለሚከማች፣ ለሌላው የሚበቃው መጠን ለእነርሱ ይበዛል። ሽማግሌ ውሻ፣ ቡችላ፣ ልቡ ወይም ጉበቱ የታመመ ውሻ፣ እያንዳንዱ የራሱ ልክ አለው። ሞርፊን ደግሞ ውሻን ብዙ ጊዜ ያስመልሳል፤ የተኛ ውሻ ያስመለሰውን ወደ ሳንባው እንዳያስገባ ከሥራው በፊት ምግብ ለጥቂት ሰዓት መከልከሉ ስለዚህ ነው። የተኛ ውሻ ሰውነቱ ይቀዘቅዛል፤ ይልበስ፤ ይሙቅ። እስኪነቃና በእግሩ እስኪቆም ድረስ ትንፋሹንና የድዱን ቀለም የሚመለከት ሰው ከአጠገቡ አይለይ። ለሰው የታዘዘውን የእንቅልፍ ክኒን በግምት ቆርሶ ለውሻ መስጠት ግን ከትርያቁ ዘመን የባሰ ድፍረት ነው። ሐኪም ውሻውን መዝኖ፣ ልቡን አዳምጦ የሚሰጠውን፣ ባለቤቱ በዓይኑ ገምቶ ሊሰጥ አይገባውም።

ወደ በርናር ሕይወት እንመለስ። በውጭ ክብሩ ሲጨምር በቤቱ ሰላም ጠፋ። ሚስቱና ሁለቱ ሴቶች ልጆቹ እንስሳት በሕይወት ሳሉ መቀደዳቸውን ከሚቃወሙት ጋር ቆሙ፤ ባለቤት የሌላቸውን ውሾችም እየሰበሰቡ ያስጠጉ ነበር። አባት በላቦራቶሪ፣ እናትና ልጆች በመጠለያ፣ በአንድ ከተማ ውስጥ ስለ አንድ እንስሳ ተለያዩ። ናፖሌዎን 3ኛ በ1869 ዓ.ም. የሴኔት አባል አድርጎ ሲሾመው፣ ከአንድ ዓመት በፊትም የፈረንሳይ አካዳሚ ሲመርጠው፣ ቤቱ ፈርሶ ነበር። ባልና ሚስት በዚያው ጊዜ ተለያዩ፤ ልጆቹም ከእናታቸው ጋር ሄዱ። እርሱ ብቻውን ቀረ፤ ሲታመም ወደ ተወለደበት መንደር እየሄደ በወይኑ ማሳ ውስጥ ይቀመጥ ነበር።

ክርክሩ ከቤቱ አልፎ ባሕር ተሻገረ። ጆርጅ ሆጋን የሚባል ሐኪም በበርናር ላቦራቶሪ አራት ወር ያህል ሠርቶ ነበር። በ1875 ዓ.ም. የመምህሩን ስም ሳይጠራ በለንደን ጋዜጣ ላይ ያየውን ጻፈ። ውሾቹ ከታች ወደ ሥራው ክፍል ሲወጡ እንደሚፈሩ፣ ማደንዘዣም ብዙ ጊዜ ከእንስሳው ሕመም ይልቅ የሕዝቡን ኅሊና ለማስተኛት እንደሚጠቀስ አመለከተ። ጽሑፉ ብዙ ሰው አነሣሣ። በ1876 ዓ.ም. የእንግሊዝ ፓርላማ እንስሳት ስለሚመረመሩበት ሁኔታ ሕግ አወጣ፤ በሕጉም ውስጥ ኩራር እንደ ማደንዘዣ እንዳይቆጠር በግልጽ ተጻፈ። እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር እናያለን። ኩራር እንቅልፍ እንዳልሆነ ለዓለም ያስረዳው በርናር ነው፤ እንግዲህ በእርሱ ሥራ ላይ የተነሣው ቁጣ የቆመበት መሠረት የእርሱ የራሱ ግኝት ነበር። ከሳሾቹ በመሣሪያው ከሰሱት ማለት ይቻላል።

በርናር በ1875 ዓ.ም. ስለ ማደንዘዣዎችና ስለ መታፈን የሰጣቸውን ትምህርቶች በመጽሐፍ አሳተመ። በመጨረሻ ዓመታቱም ሲነኳት ቅጠሏን የምታጥፈውን ዕፅ በኤተር ጢስ ውስጥ አስቀምጦ፣ እርስዋም ደንዝዛ ቅጠሏን ማጠፍ እንደምትተው አሳየ። ጢሱ ሲወገድ ዕፅዋ ትነቃ ነበር። ከዚህም ማደንዘዣ የሚነካው የሰውን ወይም የውሻን ነርቭ ብቻ ሳይሆን፣ ሕያው የሆነውን ሁሉ እንደ ሆነ አስተማረ። ማደንዘዣ በሕዋሱ ውስጥ ያለውን ነገር ስለሚያረጋ ያስተኛል ብሎ የገመተው ግን በኋላ ዘመን ልክ ሆኖ አልተገኘም። ሊቅም ይሳሳታል፤ የምርመራ መንገዱ ግን ስሕተቱን የሚያርሙትን ሰዎች አስተማረ።

በ1878 ዓ.ም. ፌብሩዋሪ 10 ቀን በፓሪስ ሞተ። የፈረንሳይ መንግሥት በሕዝብ ገንዘብ በክብር እንዲቀበር ወሰነ፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ክብር ያገኘ የሳይንስ ሰው በፈረንሳይ አልነበረም። በፔር ላሼዝ መቃብር አረፈ። ሕዝቡ በብዛት ተከተለው፤ ቤተ ሰቦቹ ግን አስቀድመው ተለይተውት ነበር።

በዚህ ሰው ላይ እንዴት እንፍረድ? ውሾችን አሠቃየ ብሎ መጻፍ እውነት ነው፤ ነገር ግን ጎደሎ እውነት ነው። ዛሬ በየአገሩ በእንስሳት ሐኪም እጅ ያለ ሕመም የሚቀደዱና የሚድኑ ውሾች ሁሉ ከእርሱ ምርመራ ተጠቅመዋል ብሎ መጻፍም እውነት ነው፤ እርሱም ብቻውን ጎደሎ ነው። የስኳር በሽታንና የጉበትን ሥራ የሚማር ተማሪ ዕዳ አለበት፤ ዕዳውም ለበርናር ብቻ ሳይሆን ስማቸው ላልተጻፈ ውሾችም ነው። ያገራችን ሰው ውሻ በበላበት ይጮኻል ሲል ታማኝነቱን መመስከሩ ነው። ታማኝነቱ እንዲህ ለሆነ እንስሳ፣ መጮኽ በማይችልበት ሰዓት ስለ እርሱ የሚያስብ ሰው ሊኖር ይገባል።

እኛ ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ትምህርት አጭር ነው። በርናር የዝምታንና የእንቅልፍን፣ የእንቅልፍንና ሕመም አለመሰማትን ልዩነት አሳየን። ሦስቱም ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ይህን ማወቅ የሳይንስ ሥራ ነው፤ ካወቁ በኋላ እንዳወቁት መሥራት ግን የኅሊና ሥራ ነው። በርናር የመጀመሪያውን በሙሉ ፈጸመ፤ ሁለተኛውን በከፊል ለእኛ ተወው። ነገ መርፌ የምንይዝ፣ የሰውም ሆነ የእንስሳ ሐኪም የምንሆን፣ ጸጥ ያለውን ሁሉ ደኅና ነው ብለን እንዳናልፍ ይህ ሰው ያስታውሰን።